ሰው ላይ ከመወሰናችሁ በፊት፦ የያዛችሁት ግምትና ሙዳችሁ ፍርዳችሁን እንዳያጣምሙት ደረጃ በደረጃ ምን ታደርጋላችሁ

ይሄን የምጽፈው ሰው ላይ መወሰን ግድ ለሚሆንባችሁ ሰዎች ነው። ፈተና ለምታርሙ አስተማሪዎች፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሰራተኛ ለምትመርጡ ሱፐርቫይዘሮች፣ ደሴ ላይ ሱቅ ከፍታችሁ ሻጭ ለምትቀጥሩ፣ ሽምግልና ለምትቀመጡ፣ "እስቲ ልጁን እዩልን" ተብላችሁ ለምትላኩ ሁሉ። የአንድ ሰው እንጀራ ወይ ትዳር ወይ ውጤት እናንተ በዛች ሰአት በተሰማችሁ ነገር የሚወሰንበት ጊዜ አለ፣ እና ነገሩ ቀላል አይደለም።

አብዛኛው ሰው ፍትሃዊ ለመሆን የሚያደርገው በልቡ "አላዳላም" ማለት ነው። ጥሩ ሀሳብ ነው ግን ብቻውን አይሰራም፣ ይሄ ደግሞ ተሞክሮ የታየ ነው። በ1984 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ቻርልስ ሎርድ፣ ማርክ ሌፐርና ኤልዛቤት ፕሬስተን የሞት ቅጣትን የሚደግፉና የሚቃወሙ ተማሪዎችን ሰብስበው ስለ ሞት ቅጣት የተሰሩ ጥናቶች አስነበቧቸው። አንዱን ቡድን "በተቻላችሁ መጠን ሳታዳሉ መዝኑ" አሉት። ምንም አልጠቀመም፣ ሁሉም የራሱን አቋም የሚደግፈውን ጥናት "በደንብ የተሰራ"፣ የሚቃረነውን "ደካማ" እያለ ወጣ። ሌላኛውን ቡድን ግን "ይሄው ጥናት በዚሁ አሰራር ተሰርቶ ውጤቱ ግን በተቃራኒው ቢመጣ ኖሮ እንዲህ ትፈርዱ ነበር ወይ?" ብሎ ራሱን እየጠየቀ እንዲሄድ አደረጉት፣ እሱ ጋ ማዳላቱ ተስተካከለ። ሁለቱም ቡድን ቅን ነበር፣ የተለየው አሰራሩ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለ አሰራር ነው፣ ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ።

ደረጃ 1፦ የሰማችሁትን ሰውየው ከመግባቱ በፊት ጻፉት

ሰው ፊታችሁ ሳይቀመጥ ወሬው ቀድሞት ይደርሳል። "የእገሌ ልጅ እኮ ነው"፣ "ከድሮ መስሪያ ቤቷ ተጣልታ ነው የወጣች"፣ "እሱማ ቀዝቃዛ ነው" ምናምን። አንዲት ቃል ምን እንደምትሰራ ለማየት የሃሮልድ ኬሊን የ1950 ሙከራ ውሰዱ። ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንግዳ አስተማሪ ሊገባ ሲል ለተማሪዎቹ ስለሱ አጭር ጽሁፍ ታደለ፣ የሁሉም ወረቀት አንድ አይነት ነው፣ ልዩነቱ ግማሹ ላይ ሰውየው "በጣም ተግባቢ" ሲባል ግማሹ ላይ "ቀዝቀዝ ያለ" መባሉ ብቻ ነው። አንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ሰው ነው የሰሙት። ግን "ተግባቢ" የሚለውን ያነበቡት የበለጠ ወደዱት፣ ተጫዋችና ለሰው የሚያስብ ነው አሉ፣ ከነሱ ውስጥ 56 ከመቶው በውይይቱ ሲሳተፉ "ቀዝቃዛ" የሚለውን ካነበቡት የተሳተፉት 32 ከመቶ ነበሩ። ይሄ ሁለተኛው ነገር ነው እኔን በጣም የሚገርመኝ፣ ሰዎቹ ሀሳባቸው ብቻ ሳይሆን አፋቸውም ተዘጋ፣ አስተማሪው ራሱን የሚያሳይበት እድል ሳያገኝ ማለት ነው።

እኛም ወሎዬዎች በዚህ ስንመዘን ኖረናል። "የወሎ ሰው ገራገር ነው" የሚለውን ይዞ የሚጠብቀን ሰው አዲስ አበባ ላይ ስለ ደሞዝ ጠንከር ብለን ስንከራከር "ምነው፣ የወሎ ልጅ አይደለህም እንዴ?" ይለናል። ሙገሳም ቢሆን ጭነት ነው።

እና እንዲህ አድርጉ፦ ሰውየው ከመግባቱ በፊት ሦስት መስመር ጻፉ፣ ስለሱ ምን ሰማሁ፣ ማን ነገረኝ፣ የነገረኝ ሰው ራሱ እንዴት አወቀ። ሦስተኛዋ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ እጃችሁ ይቆማል፣ የነገራችሁ ሰውም ከሌላ የሰማው ነው። ከዚህ የሚሻለው ደግሞ ጭራሽ አለመስማት ነው። በር ላይ ጠጋ ብሎ ሹክ ሊላችሁ የሚፈልግ አይጠፋም፣ እሱን "አብሽር፣ ጨርሼ ነጥቤን ከሰጠሁ በኋላ እሰማሃለሁ" በሉት። ሰው አይቀየምም፣ ከተቀየመም ይቀየም።

ደረጃ 2፦ መሸፈን የሚቻለውን ሸፍኑ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዚህ መመሪያ ውስጥ ትልቁን ጥቅም የሚሰጥ ነገር ይሄ ነው ብዬ ስለማምን።

በ1983 ጆን ዳርሊና ፓጌት ግሮስ አሜሪካ ለሚገኘው ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሐና የምትባል የ4ኛ ክፍል ልጅ ቪዲዮ አሳዩ። ለግማሾቹ ሀብታም ሰፈር ስትጫወት፣ ለግማሾቹ ድሃ ሰፈር። ሰፈሯን ብቻ አይተው "የትምህርት ደረጃዋ ስንት ነው?" ሲባሉ ብዙም አልተለያዩም፣ ሰፈር አይቶ መፍረድ ነውር መሆኑን ያውቃላ ሰው። ከዛ ለሌሎች ሁለት ቡድኖች ሰፈሯን ካሳዩ በኋላ ሐና ጥያቄ ስትመልስ የሚያሳይ አንድ አይነት ቪዲዮ ጨመሩላቸው፣ ቪዲዮው ላይ ከባዱን ትመልስና ቀላሉን ትስታለች፣ ለየትኛውም ወገን የማይሆን ነው። አሁን ነው ጉዱ፦ ሀብታም ሰፈር ያዩዋት ከክፍሏ በላይ ናት አሉ፣ ድሃ ሰፈር ያዩዋት ከክፍሏ በታች። ሁለቱም "ማስረጃ አይቼ ነው" ብለው ያምናሉ። ማስረጃ ሲጨመር አድልዎ ይቀንሳል ብለን ነው የምናስበው፣ እዚህ ግን ማስረጃው ለያዙት ግምት መደገፊያ ሆነላቸው።

አሁን ይሄንን ወደ ፈተና ወረቀት አምጡት። ሃምሳ ስልሳ ተማሪ ያለበት ክፍል አላችሁ፣ ምርጫ ጥያቄውን ማንም ያርመዋል፣ ችግሩ ኤሴዩ ነው። ጎበዝ የምትሏት ልጅ ጎደሎ መልስ ስትጽፍ "መቼም ገብቷታል፣ ሰአት አጥሯት ነው" ትላላችሁ፣ የኋላ ወንበር ልጅ ያንኑ ጎደሎ መልስ ሲጽፍ "አልገባውም" ነው፣ አለዚያ ደግሞ ጥሩ ከጻፈ "ከማን ኮረጀ?" ይመጣል። አሰራሩ እንዲህ ነው፦

ስም የፊት ገጽ ላይ ብቻ ይጻፍ፣ መልሱ ከሁለተኛው ገጽ ይጀምር። ማረም ከመጀመራችሁ በፊት የመልስ ቁልፉን ከነነጥብ አከፋፈሉ ጻፉ፣ ለምሳሌ ምክንያቱን ከጠቀሰ 2፣ ምሳሌ ከሰጠ 1። ከዛ የሁሉንም ወረቀት የፊት ገጽ ገልብጣችሁ ወደ ኋላ እጠፉና ጥያቄ 1ን ብቻ ከመጀመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው እረሙ። ነጥቡን መልሱ ጎን ሳይሆን የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ ጻፉት፣ ምክንያቱም ጥያቄ 2 ላይ ስትደርሱ የጥያቄ 1ን ነጥብ ማየት የለባችሁም። ጥያቄ 1 ሲያልቅ ወረቀቱን አደባልቁት፣ ካርታ እንደሚበወዝ፣ መጀመሪያ የታረመው ሁሌ መጀመሪያ እንዳይሆን፣ ስትደክሙ የሚመጡትም ሁሌ እነዛው ልጆች እንዳይሆኑ። ከዛ ጥያቄ 2። ስም የምትገልጡት ሮስተር ላይ ስትሞሉ ብቻ ነው። ዳንኤል ካህነማን (በ2002 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሳይኮሎጂስት) የራሱን ተማሪዎች ፈተና ሲያርም በዚህ መንገድ ነበር፣ የመጀመሪያው መልስ ላይ የሰጠው ነጥብ ሁለተኛውን መልስ እየጎተተበት መሆኑን ስላየ። ስታደርጉት ምቾት አይሰጥም፣ አንድ ልጅ አንዱ ላይ 9 ሌላው ላይ 3 ያመጣና "የቱ ነው እውነተኛው እሱ?" ትላላችሁ። ሁለቱም እውነተኛ ነው፣ ድሮ ያልታየው ስሙ ሸፍኖት ነው።

"እጅ ጽሁፉን አውቀዋለሁ" የሚል አስተማሪ ይኖራል። የሚታወቁት ጥቂቶቹ ናቸው፣ የቀሩት ብዙዎቹ ይጠቀሙ።

ይሄ ለእቃም ይሰራል። በ2008 ሂልከ ፕላስማንና ጓደኞቿ አንዱን ወይን አንዴ 10 ዶላር ነው አንዴ 90 ዶላር ነው ብለው አቀመሱ፣ ሰዎቹ ባለ 90ው በለጠብን አሉ፣ የአንጎል ምስላቸውም ደስታ የሚመዘገብበት አካባቢ ላይ የበለጠ እንቅስቃሴ አሳየ። ማለትም እየዋሹ አይደለም፣ እውነትም ጣፍጧቸዋል። እና "የላስታ ነጭ ማር ነው" ብሎ ዋጋ የሚቆልልባችሁ ነጋዴ ካለ ሌላ ሰው በተመሳሳይ ሲኒ ቀድቶ፣ የቱ የቱ እንደሆነ ሳይነግራችሁ ያቅምሳችሁ። የላስታ ማር እውነተኛ ከሆነ ራሱን ያስመሰክራል።

ደረጃ 3፦ አንዱን ትልቅ ፍርድ በትንንሹ ቆራርጡት

"ጥሩ ሰው ነው ወይ?" የሚለው ጥያቄ ለመመለስ በጣም ይቀላል፣ አደጋውም እሱ ነው። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ ሲያይ ስለ አካላዊ አቋም፣ ስለ ብልህነት፣ ስለ አመራር፣ ስለ ጸባይ የተሰጠው ነጥብ ከልክ በላይ አብሮ ይወጣል አብሮ ይወርዳል። በ1977 ሪቻርድ ኒስቤትና ቲሞቲ ዊልሰን ደግሞ ፈረንሳይኛ ቅላጼ ያለው የቤልጅየም አስተማሪ አንዴ ተማሪዎቹን አክባሪ ሆኖ አንዴ የሚንቃቸው ሆኖ ቀርጸው አሳዩ። ሲያከብር ያዩት መልኩንና ቅላጼውን ወደዱለት፣ ሲንቅ ያዩት ያንኑ መልክና ያንኑ ቅላጼ ጠሉት። ሲጠየቁ ደግሞ "ሰውየውን መውደዴ ወይ መጥላቴ ስለ ቅላጼው በሰጠሁት ነጥብ ላይ ምንም አላመጣም" አሉ፣ ስላልወደዱት ቅላጼው እንዳስጠላቸው አልታያቸውም።

ስለዚህ ሻጭ ስትቀጥሩ አምስት ስድስት ነገር ምረጡ፣ ሂሳብ፣ ሰአት ማክበር፣ ደንበኛ አያያዝ፣ እቃ አያያዝ፣ ከሰው ጋር መስራት። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ጥያቄ አዘጋጁ፣ ጥያቄው ስለሆነ ነገር ይሁን፣ "ሂሳብ ሲጎድልብሽ ምን አደረግሽ?" እንጂ "ታማኝ ነሽ?" አይሁን፣ ለሱ "አይደለሁም" የሚል ሰው የለም። ስለ ሂሳቡ ጠይቃችሁ ከጨረሳችሁ እዛው ከ1 እስከ 5 ነጥብ ስጡ፣ ከዛ ወደሚቀጥለው። መጨረሻ ላይ ልሙላው ካላችሁ ግን ሁሉንም በአንድ ስሜት ነው የምትሞሉት።

ደረጃ 4፦ ሙዳችሁን ስም ስጡት፣ ምክንያቱንም ፈልጉለት

ስሜት ራሱን እንደ መረጃ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። ኖርበርት ሽዋርትዝና ጄራልድ ክሎር በ1983 ሰዎች ጋ ስልክ እየደወሉ ስለ ህይወታቸው ጠየቁ፣ ፀሀይ በሆነ ቀን የተደወለላቸው ዝናብ በሆነ ቀን ከተደወለላቸው ይልቅ በህይወታቸው ረክተው ነበር። ግን ደዋዩ መጀመሪያ "በነገራችን ላይ እናንተ ጋ አየሩ እንዴት ነው?" ካለ ልዩነቱ ጠፋ፣ ሰዎቹ የከፋቸውን በአየሩ አመካኙትና ህይወታቸውን ለብቻው መዘኑት። በኋላ በጣም ብዙ ሰው ላይ የተሰሩ ጥናቶች የአየር ሁኔታ ለብቻው እንዲህ ያለ ለውጥ ማምጣቱን አላገኙም፣ ስለዚህ ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲያለብሳት ፍርዳችሁ ሁሉ ተበላሸ ብላችሁ አትፍሩ። ከሙከራው ወስጄ የምመክራችሁ ስሜቱ ከየት እንደመጣ የመጠየቅ ልማዱን ነው።

ሌላው ኤሪክ ጆንሰንና አሞስ ትቨርስኪ በ1983 ያሳዩት ነው፦ የአንድን ሰው አሳዛኝ አሟሟት በጋዜጣ ዜና መልክ ያነበቡ ሰዎች፣ ከአሟሟቱ ጋር ምንም የማይገናኘውን አደጋ ሁሉ ሳይቀር "በብዛት የሚደርስ ነው" ብለው ገመቱ። እኛ ያለፉትን ዓመታት በምን እንዳሳለፍን ይታወቃል፣ ጠዋት ተነስቶ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ክፉ ወሬ ሲያነብ ያረፈደ ሰው የማያውቀውን ልጅ ሊቀጥር ሲቀመጥ ልጁ ሌባ ይመስለዋል፣ ዋስ ቢያመጣም አይዋጥለትም። ንዴት ደግሞ ሌላ ጸባይ አለው። ጄኒፈር ለርነርና ዳከር ኬልትነር በ2001 እንዳሳዩት ፍርሃት አደጋን ሲያጎላ ንዴት ግን ያሳንሰዋል፣ የተናደደ ሰው እርግጠኛ ነው፣ "ምን ያመጣል?" ባይ ነው። በንዴት ሰራተኛ ያባረረ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ምትክ ሲያጣ ያኔ ነው የሚገባው።

ደስታም ነጻ አይደለም፣ ጆሴፍ ፎርጋስና ርብቃ ኢስት በ2008 ደስ ያላቸው ሰዎች የሚዋሻቸውን ሰው የበለጠ እንደሚያምኑ፣ ቅር ያላቸው ደግሞ ውሸቱን የተሻለ እንደሚለዩ አሳይተዋል። ሰርግ ላይ እስክስታ መትታችሁ፣ ጠላው ሞቅ አድርጓችሁ፣ እዛው የብድር ዋስ ለመሆን አትስማሙ በቃ።

አሰራሩ አጭር ነው። ወረቀታችሁ አናት ላይ "አሁን ምን ይሰማኛል፣ ከዚህ ሰው በፊት የመጣ ነው ወይስ ከሱ የመጣ?" ብላችሁ መልሱን ጻፉ። ከሱ በፊት የመጣ ንዴት ከሆነ ለነገ አሳድሩት፣ ከሱ በፊት የመጣ ሌላ ስሜት ከሆነ ግን ቀጥሉና በደረጃ 3 ነጥባችሁ ብቻ ወስኑ። "ዳኞች ምሳ ሳይበሉ እስረኛ አይፈቱም" የሚለውን ሶሻል ሚዲያ ላይ የሚዞረውን የእስራኤል ጥናት (2011) ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ እሱ ላይ ውጤቱ የመጣው ጠበቃ የሌላቸው እስረኞች ወደ ችሎቱ መጨረሻ ስለሚቀርቡ ነው የሚል ከባድ ትችት ቀርቧል። መብላቱን ብሉ፣ ግን ምሳ በልቻለሁ ብላችሁ ሌላውን ደረጃ አትዝለሉ።

ደረጃ 5፦ ተቃራኒውን የሚያመጣ ጥያቄ ጠይቁ

ማርክ ስናይደርና ዊልያም ስዋን በ1978 ሰዎችን "የምታናግሩት ሰው ተግባቢ መሆን አለመሆኑን አጣሩ" ብለው ጥያቄ ሲያስመርጧቸው የመረጡት "ድግስ ለማድመቅ ምን ታደርጋለህ?" አይነቱን ነው። እንዲህ ከተጠየቀ ዝምተኛውም ሰው የሆነ ነገር ያወራል፣ ጠያቂውም "ይኸው አላልኩም?" ይላል።

ባቲ ሰኞ ገበያ በሬ ስትገዙ እዩት፣ ደላላው "ይሄ እንኳ ማረስ የለመደ፣ እሳት የላሰ ነው" ሲላችሁ አይናችሁ ትከሻውን ብቻ ማየት ይጀምራል። ስለዚህ ከቤት ስትወጡ "ምን ባይ ትቼው እመለሳለሁ?" የሚለውን ወስናችሁ ውጡ፣ ጥርሱ፣ ሰኮናው፣ ሲራመድ የሚያነክስ ከሆነ፣ መጀመሪያ እነሱን እዩ፣ ትከሻው የትም አይሄድም። ለሰውም እንዲሁ ነው፣ ያልወደዳችሁትን ሰው "ተሳስቼ ከሆነ በምን አውቃለሁ?" ብላችሁ አንድ ጥያቄ ጨምሩለት፣ የወደዳችሁትንም እንዲሁ። እና የሎርድን ጥያቄ አትርሱ፦ ይሄንኑ መልስ ሌላኛው ሰው ቢመልስልኝ ስንት እሰጠው ነበር?

ደረጃ 6፦ ግምታችሁ ሰውየውን እየሰራው እንዳይሆን

ይሄ በተለይ ለአስተማሪዎች ነው። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን በ1968 ባሳተሙት ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ከመቶ የሚሆኑ ልጆችን በእጣ መርጠው ለአስተማሪዎቹ "እነዚህ ዘንድሮ ይመነጠቃሉ" አሏቸው፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ በተለይ 1ኛና 2ኛ ክፍል ያሉት የአይኪው ውጤታቸው ከሌሎቹ የበለጠ ጨመረ። ጥናቱ ብዙ ተተችቷል፣ በኋላ የተሰሩት ደግሞ በተለመደ ክፍል ውስጥ ውጤቱ ትንሽ እንደሆነ ያሳያሉ፣ አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ ተማሪያቸውን በትክክል ነው የሚገምቱት። ግን ትንሽም ቢሆን ክብደቱ የሚያርፈው "ሰነፍ" በተባለው ልጅ ላይ ነው፣ ስለዚህ ችላ አትበሉት።

ግምት ወደ ልጁ የሚደርስባቸው መንገዶች አራት ናቸው ይላል ሮዘንታል፣ የምታሳዩት ፊት፣ የምትሰጡት የትምህርት መጠን፣ የመመለስ እድሉ፣ የምትሰጡት አስተያየት። ከነዚህ የመመለስ እድሉን ዛሬውኑ ማስተካከል ይቻላል፣ እጅ ያወጣውን ብቻ መጥራት ትታችሁ ከስም ዝርዝሩ በተራ ጥሩ፣ የጠራችሁት ልጅ ዝም ሲል ለጎበዟ የምትሰጧትን ያህል ሰከንድ ጠብቁት። "ተቀመጥ" ከማለታችሁ በፊት ማለቴ ነው።

ደረጃ 7፦ ሽምግልና ላይ ታላቁ መጨረሻ ይናገሩ

ወሎ ውስጥ አበጋሮች (ባህላዊ አስታራቂዎች) ስንት ደም ያደረቁበት የእርቅ ባህል አለን፣ እሱን ላስተምር አልመጣሁም። የቤተሰብ ወይ የእድር ጉዳይ ለማየት አራት አምስት ሆናችሁ ስትቀመጡ ግን አንጋፋው ቀድመው "እኔ እንደሚመስለኝ ጥፋቱ የሷ ነው" ካሉ ከዛ በኋላ የሚናገረው ሁሉ እሳቸውን ላለማስቀየም ወደዛው ያዘነብላል፣ አምስት ሰው ተቀምጦ አንድ ፍርድ ነው የሚወጣው። ጨዋታው ሳይጀመር እንዲህ ብላችሁ ለምኑ፦ "አባባ፣ ቃሉን ሁላችንም እንስማና መጀመሪያ ትንሹ ይናገር፣ እርሶ መጨረሻ ላይ ይቋጩልን።" ክብራቸው አይነካም፣ እንዲያውም ማሰሪያው እሳቸው ጋ ይቆያል። መጻፍ የሚችል ሰው ብቻ ከሆነ የተቀመጠው ደግሞ ሁሉም የራሱን በወረቀት ጽፎ ከዛ ይነበብ።

ደረጃ 8፦ ሆዳችሁን መጨረሻ ላይ ስሙት፣ ውሳኔውንም መዝግቡት

"ታዲያ ሆዴ የነገረኝን ልተወው?" ለምትሉ፣ አትተዉት፣ ቦታው መጨረሻ ነው። ካህነማን በ1955 ገደማ ለእስራኤል ጦር የምልመላ ኢንተርቪው ሲሰራ ጠያቂዎቹ ስድስት ጸባዮችን አንድ በአንድ ነጥብ እንዲሰጡባቸው አዘዘ፣ ጠያቂዎቹ "ሮቦት አደረግከን" ብለው ተቆጡበት፣ እሱም ነጥቡን ከጨረሳችሁ በኋላ አይናችሁን ጨፍኑና ልጁ ወታደር ሆኖ ይታያችሁ፣ ከዛ አንድ ነጥብ ስጡ አላቸው። በኋላ ሲታይ አዲሱ አሰራር ከድሮው በጣም የተሻለ ሆነ፣ አይን ተጨፍኖ የተሰጠው ነጥብም ከስድስቱ ድምር እኩል ጠቃሚ ነበር። ነጥቡ መጀመሪያ ስለተሰራ ነው ሆድም ቁም ነገር ያወራው።

ስለዚህ ነጥባችሁን ደምሩ፣ ከዛ ሆዳችሁ የሚለውን ለብቻው ጻፉ፣ ሁለቱ ከተጣሉ ምክንያቱን በአንድ አረፍተ ነገር ጻፉ፣ "ሲያወራ ደንበኛን ሁሉ እየሰደበ ነበር" ከሆነ ምክንያት ነው፣ "እንዲሁ አልወደድኩትም" ከሆነ ነጥቡ ይወስን። ወረቀቱን አትጣሉት፣ ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት፣ ስድስት ወር ካለፈ በኋላ የቀጠራችሁትን ሰው ስራ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ፣ የትኛው ጥያቄ በትክክል እንደተነበየና የትኛው ዝም ብሎ ቦታ እንደያዘ ይታያችኋል፣ ቦታ የያዘውን አውጡና ለሚቀጥለው ሌላ ተኩበት።